ጥቆማ፦ ለ«ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» የትኛው ቅጂ፣ የትኛው ጊታር፣ የትኛው አምፕ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። የእንግሊዙን ሮክ ቡድን የዲፕ ፐርፕልን «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» በደንብ ሰምቶ በደንብ መጫወት ለሚፈልግ ጀማሪ ጥቆማ ስጡኝ። ቅጂው በዝቷል፣ የቱ ይሻላል? ለሪፉ (መግቢያው ላይ ለሚደጋገመው የጊታር ዜማ) የሚሆን ዋጋው የማይጎዳ ጊታር የቱ ነው? አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ከአሜሪካ ቢመጣ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ከቅጂው እንጀምር፣ እጅ የሚከተለው ጆሮን ነውና። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው «ማሽን ሄድ» አልበም ላይ ያለውን የ1972ቱን ይግዛ፤ 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። የዚህ ቅጂ ድምፅ ለምን እንደዚያ ሰፊ እንደሆነ ለመረዳት የተቀዳበትን ሁኔታ ማወቅ ይጠቅማል። ቡድኑ ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ድረስ የሄደው በከተማው ካዚኖ ውስጥ አልበሙን ሊቀዳ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1971 አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ እዚያው ሲጫወት ከታዳሚው አንዱ በምልክት መተኮሻ ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ፤ ካዚኖው ሙሉ በሙሉ ነደደ፤ ጭሱም የጄኔቭ ሐይቅን አለበሰው። ዘፈኑ የሚተርከው ይህንኑ ነው። ርዕሱ ከባሲስቱ ከሮጀር ግሎቨር የመጣ ነው።

ከሮሊንግ ስቶንስ የተከራዩት የመቅጃ መኪና ግን ቆሞ ይጠብቃል። ክሎድ ኖብስ፣ የሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫል መሥራች፣ ፓቪሊዮን የሚባል አዳራሽ አገኘላቸው። የዚህን ዘፈን መሠረት፣ ማለትም ጊታሩን፣ ባሱን፣ ከበሮውንና ኦርጋኑን፣ የቀዱት እዚያ ነው። ጎረቤት በጩኸቱ ተማርሮ ፖሊስ መጣ፤ ቅጂው እስኪያልቅ የቡድኑ ሠራተኞች በሩን ከውስጥ ገፍተው ያዙት። ከዚያ ተባረሩና የቀረውን አልበም ለክረምት በተዘጋው ግራንድ ሆቴል ኮሪደር ላይ ፍራሽ እየደረደሩ ጨረሱት። ስለዚህ ይህን ዘፈን ከጎረቤቶቹ ጋር አከታትላችሁ ብትሰሙ የአዳራሹ ስፋት በተለይ ከበሮው ላይ ይሰማችኋል። የድምፅ መሐንዲሱ ማርቲን በርች ነው፤ ያንን ሁሉ ግርግር ይዞ እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣቱ ዛሬም ያስደንቃል።

ሁለተኛ የሚገዛው «ሜድ ኢን ጃፓን» ነው። የዚህ ዘፈን ቅጂ ኦሳካ ላይ በኦገስት 15 ቀን 1972 የተወሰደ ነው። ጆን ሎርድ ኦርጋኑን እንዴት እንደሚያስጮኸው ለመስማት ከስቱዲዮው ይበልጣል። ለመማሪያ ግን አይሆንም፤ ጊታሪስቱ ሪቺ ብላክሞር መግቢያውን እያጫወተ ምቱን ስለሚለዋውጠው ጀማሪ ይስታል።

የ1997ቱ 25ኛ ዓመት እትም ሁለት ሲዲ ነው። አንዱ ላይ ግሎቨር ራሱ እንደገና ሚክስ ያደረገው (የመሣሪያዎቹን ድምፅ ያመጣጠነው) አለ፤ ዘፈኑ ከ6 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ መሣሪያዎቹም ይበልጥ ተለያይተው ይሰማሉ። ባስ ለሚያጠና ሰው ይህ ነው የሚመከረው። በ2024 የወጣው ትልቁ እትም ላይ ያለውን አዲስ ሚክስ የሠራው ድዊዚል ዛፓ ነው፤ ያ ካዚኖ ሲቃጠል መድረክ ላይ የነበረው ሰው ልጅ። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ለጀማሪ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ነጠላው ሸክላስ? ሁለቱም ገጽ ላይ አንድ ርዕስ ያለበት አይቻለሁ፤ የተሳሳተ ህትመት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ትክክለኛው እሱ ነው። በ1973 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንዱ ገጽ የስቱዲዮውን፣ በሌላው የጃፓኑን ቅጂ አሳጥሮ ይዟል። የሬዲዮ ጣቢያዎች እንዲያጫውቱት ከ4 ደቂቃ በታች ተደርጓል፤ ስለዚህ ሶሎውን ለማጥናት አይበቃም። የሚገርመው ቡድኑ ዘፈኑ ነጠላ ይሆናል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ከአልበሙ መጀመሪያ ያወጡት «ኔቨር ቢፎር» የሚለውን ነው። «ስሞክ» ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ወጥቶ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ ደረሰ። እንግሊዝ ውስጥ ነጠላ የሆነው ደግሞ በ1977 ነው። ያገለገለ ሸክላ ስትገዛ ፊቱን ወደ መብራት አዘንብለህ እይ፤ መግቢያው ጊታር ብቻ ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ ትሰማለች። መሃሉ ላይ ያለ ጭረት ግን በከበሮው ይሸፈናል።

መልስ (ስለ ጊታር)፦ ብላክሞር የተጫወተው በፌንደር ስትራቶካስተር ነው፤ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበል ማግኔት) ያለው። ከርካሾቹ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ስኳየር ስትራት ሦስቱም ፒክአፑ ነጠላ ስለሆነ ለዚህ ድምፅ ይቀርባል፤ ጉዳቱ «ምምም» የሚል ጩኸት ማስገባቱ ነው፤ ፍሎረሰንት መብራትና የስልክ ቻርጀር አጠገብ ሲሆን ይብሳል። ያማሃ ፓሲፊካ ድልድዩ (ክሩ ታች የሚያርፍበት ብረት) ላይ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ስላለው ያ ጩኸት ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወፈር ይላል። ለዚህ ዘፈን ፓሲፊካ ከያዛችሁ ማብሪያውን ከድልድዩ አንስታችሁ አንገቱ ወይም መሃሉ ወዳለው ነጠላ ፒክአፕ አዙሩት። ሌላ ዘውግም የሚጫወት ሰው ፓሲፊካ ይውሰድ፤ ለዚህ ድምፅ ብቻ ከሆነ ስኳየር።

ሁለቱም ላይ የሚያስቸግረው የሚነቀነቀው ድልድይ ነው። ክሩን ሲስቡት ከቅኝቱ ይወጣል። ከጊታሩ ጀርባ ያለውን ክዳን ፈትታችሁ ምንጮቹን የያዘውን ብረት ሁለት ብሎን እያፈራረቃችሁ በግማሽ ዙር አጥብቁ፣ ድልድዩ ከእንጨቱ ጋር እስኪገጥም። ከዚያ እንደገና ቃኙት።

ክር (ቁጥሩ የውፍረት ነው)፦ ከ9 የሚጀምረው ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን ጀማሪ ጣቱን ስለሚያጠብቅ 3ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው መከፋፈያ) ላይ ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል። ከ10 እስከ 46 ያለው ይሻላል።

መልስ (ስለ አምፕ)፦ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘፈኑ ሃርድ ሮክ ስለተባለ ዲስቶርሽኑን (ድምፅ ማሻከሪያውን) እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ ከዚያ አራቱ ኖታ ተጨማልቆ አንድ ጩኸት ይሆናል። የሪቺ ጊታር ብቻውን ሲሰማ እንዲያውም ንጹሕ ነው። የሚያወፍረው ሎርድ ነው፤ ሃሞንድ ኦርጋኑን በማርሻል አምፕሊፋየር አሳልፎ ያንኑ ሪፍ አብሮ ይጫወታል። ስለዚህ ጌይን (የማሻከሪያው መጠን) ከ10 4፣ ባስ 4፣ ሚድ 7፣ ትሬብል 5 ገደማ አድርጉ። ፔዳል (በእግር የሚረገጥ ድምፅ መለወጫ) ካስፈለገ ቦስ ኤስዲ-1 ከዲኤስ-1 ይመረጣል፤ ዲኤስ-1 ስለታም ነው፣ ሁለት ክር አብሮ ሲመታ ይሰነጥቀዋል። ገንዘብ ከጠበበ ፔዳሉን ተዉትና ኪቦርድ ያለው ጓደኛ ፈልጉ። «ሮክ ኦርጋን» የሚል ድምፅ በማንኛውም ኪቦርድ ላይ አለ፤ እሱ ከጊታሩ ጋር ሲደርብ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ከአሜሪካ ስለማስመጣቱ፦ አምፑ ጀርባ የተጻፈውን አስነብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ መሰኪያ መቀየር ብቻ ነው። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የኛ 220 ላይ በቀጥታ ሲሰካ ፊውዙ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩ አብሮ ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከገዛችሁ አምፑ ከሚጠቀመው ዋት በእጥፍ ያህል የሚችል ይሁን። ፔዳሉም የራሱን አዳፕተር ይፈልጋል፤ 9 ቮልት፣ መሃሉ ነጌቲቭ። የተገለበጠ አዳፕተር ፔዳሉን ሊገድለው ይችላል።

መልስ (ስለ አጨዋወቱ)፦ አሁን ሪፉ። ጊታሩን በተለመደው ቅኝት አድርጉ። 4ኛውንና 3ኛውን ክር (ዲ እና ጂ) ሁልጊዜ አንድ ላይ፤ ፍሬቱ እንዲህ ይሄዳል (0 ማለት ሳይጫኑ ባዶውን ክር ነው)፦ 0፣ 3፣ 5፤ 0፣ 3፣ 6፣ 5፤ 0፣ 3፣ 5፣ 3፣ 0። ለ3 አመልካች ጣት፣ ለ5 የቀለበት ጣት፣ ለ6 ትንሿ ጣት፤ እያንዳንዱ ጣት ሁለቱን ክር በአንድ ላይ ይጫን።

ፒኩን (ክር መምቻውን) አስቀምጡት። ብላክሞር ሁለቱን ክር በጣቶቹ ቆንጥሮ ነው የሚያነሳቸው። ፒክ ወፍራሙን ክር ቀድሞ ይነካል፤ በጣት ግን ሁለቱም እኩል ይነሳሉ፣ ያ «ጥም» የሚለው ድምፅ የሚገኘው ከዚህ ነው። ፓወር ኮርድ አድርጎ የሚያስተምር መምህር ካገኛችሁ ስሙን አታጥፉ፣ ግን ሌላ ፈልጉ፤ ፓወር ኮርድ ጂን ከታች አድርጎ ዲን ከላይ ይጭናል፣ እዚህ ግን ዲ ከታች ጂ ከላይ ነው። ክብደቱ የሚለየው በዚያ ነው።

ሰዓቱ ከፍሬቱ ይከብዳል። አንድ ሁለት ሦስት አራት እያላችሁ ቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 1፣ 2፣ 3 ላይ ያርፋሉ። የሚቀጥለው 0 አራትን ካለፈ በኋላ፣ ቀጣዩ «አንድ» ሳይመጣ ነው የሚገባው። ጀማሪ ሁሉ «አንድ»ን ይጠብቃል፤ ግማሽ ምት ይዘገይና ከበሮ መቺው ኢያን ፔይስ ሃይሃቱን (ጥንዱን ሲምባል) ሲጀምር ይጋጫል። 6ኛዋ ፍሬት አጭር ናት፣ ወዲያው ወደ 5 ትወድቃለች። በደቂቃ በ80 ምት ጀምራችሁ በየቀኑ 5 ጨምሩ፤ ዘፈኑ 112 ገደማ ነው። ባዶዎቹ ክሮች እንዳይቀጥሉ ወደ 3 ስትሄዱ የቀኝ እጃችሁን መዳፍ ጫፍ ድልድዩ ላይ አሳርፉ።

ለኛ ጆሮ የሚያቀለው አንድ ነገር አለ። ላይኛውን ድምፅ ብቻ ዘምሩት፦ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ። ከጂ የተነሳ ባቲ ማይነር ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው፤ ያደግንበት ነው። ዲ ፍላት ብቻ እንግዳ ናት፣ እሷም ለቅጽበት ብቅ ብላ ወደ ሲ ትመለሳለች። መጀመሪያ በአፍ ዘምሮ ጊታር የሚያነሳ ሰው ፍሬቱን በቁጥር ከሚያጠና ፈጥኖ ይይዛታል።

ጥያቄ፦ ከቡድን ጋር ከሆነስ፣ ማን መቼ ይገባል?

መልስ፦ ጊታር ብቻውን፤ ቀጥሎ ሃይሃትና ኦርጋን፤ ከዚያ ሙሉ ከበሮ፤ ባስ መጨረሻ። ባሲስቱ ሪፉን አይከተል፤ ጂ ላይ ቆሞ በግማሽ ምት ይርገጥ። ሕዝቡ ከዛሬ 50 ዓመት በፊትም አሁንም በዚህ መግቢያ የሚነሳው አንድ በአንድ ስለሚደረብ ነው፤ በ2007 ካንሳስ ሲቲ ላይ ከ1,700 በላይ ጊታሪስቶች ተሰብስበው አብረው የተጫወቱትም ይህንኑ ሪፍ ነው። ባሱ ቀድሞ ከገባ የሚጠበቅ ነገር አይቀርም። ዝማሬው ላይ ሲደርስ ኮርዱ ሲ፣ ኤ ፍላት፣ ጂ ነው፤ እዚህ ግን ፓወር ኮርድ ይሠራል፣ ፒክም ያዙ።