የኤክስሬይ ፖላራይዜሽን ቴሌስኮፕን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ማነው? ልኬቱስ ምን ያህል ይታመናል?

ሰማይ_ተመልካች

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፤ የአስትሮፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በኢክስፒ ዳታ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ለማታውቁት፣ ናሳና የጣሊያን የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2021 ያመጠቁት የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው። ሌሎቹ ኤክስሬዩ ከየት መጣ፣ መቼ ደረሰ፣ ጉልበቱ ስንት ነው የሚለውን ይለካሉ። ይሄኛው ግን የኤክስሬዩ የኤሌክትሪክ መስክ በየት አቅጣጫ እንደሚወዛወዝ፣ ማለትም ፖላራይዜሽኑን ጭምር ይለካል።

ሳይንሱን እያነበብኩት ነው። ግራ የገባኝ የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። መስታወቶቹና ዲቴክተሮቹ 4 ሜትር ያህል ተራርቀው የተያያዙት በተዘርጊ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው እየሞቀ፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ እየቀዘቀዘ ትንሽ ይጣመማል አሉ። እንዲህ እየሆነ "4 በመቶ ፖላራይዜሽን አገኘን" ሲሉ በምን ልመን? ማን ነው የሚቆጣጠረው? እዚህ ሆኜስ በቁም ነገር ልሠራበት እችላለሁ?

ከኮሎራዶ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ፤ ስለዚህ በኩል የሚያወራ ሰው ብዙ የለም። እኔ የሌላ ሳተላይት ኦፕሬሽን ላይ ነው የሠራሁት፣ አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ነው።

የኢክስፒ መቆጣጠሪያ ክፍል ቦልደር ውስጥ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ላስፕ የሚባለው ላብራቶሪ ነው። እዚያ ሠልጥነው ሳተላይት የሚያንቀሳቅሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። የሚታየውን ምንጭ የሚያቅዱት ሀንትስቪል፣ አላባማ በሚገኘው የናሳ ማርሻል ማዕከል ያሉት ሳይንቲስቶች ናቸው። ላስፕ ዕቅዱን ወደ ትዕዛዝ ይቀይራል፣ ትዕዛዙ ይላካል፣ ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፑ በራሱ ይሠራል። ጆይስቲክ ይዞ የሚነዳው ሰው የለም።

ዋናው የምድር ጣቢያ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኬንያ፣ ማሊንዲ፣ የጣሊያኖቹ ጣቢያ። ምህዋሩ (ሲመጥቅ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር) የምድር ወገብን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ይሄ የተመረጠው ደቡብ አትላንቲክ ላይ ካለው የጨረር ቀጠና በተቻለ መጠን ለመራቅ ነው። አንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጣል፣ ማሊንዲ ላይ ግን የሚታየው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ዳታው የሚወርደው በዚያች ጊዜ ነው። ስለዚህ እንደ ክራብ ኔቡላ (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት) ያለ ደማቅ ምንጭ ሲታይ ሚሞሪው ቶሎ ይሞላል፤ አቃጆቹም ደብዛዛ ምንጭ አስከትለው የተጠራቀመው ዳታ እንዲወርድ ጊዜ ይሰጡታል። የፀሐይ ጉዳይም አለ። ቴሌስኮፑ ከፀሐይ 90 ዲግሪ አካባቢ ያለውን የሰማይ ቀበቶ ብቻ ነው ማየት የሚችለው፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ምንጮች በዓመት ሁለቴ ተራ ይደርሳቸዋል።

ዕቅድ የሚፈርስበት ጊዜም አለ። ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ያ እጅግ ደማቅ የጋማ ሬይ ፍንዳታ ሲታይ የነበረውን ፕሮግራም ትተው በሁለት ቀን ውስጥ አዙረውታል። በማርች 2024 ደግሞ ሳተላይቱ የሚልከው ቴሌሜትሪ (ወደ ምድር የሚወርደው መረጃ) የማይነበብ ሆነ። ተመሳሳይ ችግር በጁን 2023 ገጥሟቸው ስለነበር የማስተካከያው ቅደም ተከተል ተጽፎ ተቀምጧል፤ ኤሌክትሮኒክሱን ሪሴት አድርገው ወደ ሥራ መለሱት። ለእኔ ጎበዝ ኦፕሬሽን ማለት ይሄ ነው፣ የመጀመሪያውን ችግር በደንብ ጽፎ ማስቀመጥ።

ፎቶን_ቆጣሪ

ስለ እምነቱ እኔ ልመልስ።

ዲቴክተሩ ውስጥ ዳይሜቲል ኢተር የሚባል ጋዝ አለ። ኤክስሬዩ የጋዙን አተም ሲመታ ኤሌክትሮን ይወጣና ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ዱካ ይተዋል። ኤሌክትሮኑ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ወደ ኤሌክትሪክ መስኩ አቅጣጫ አዘንብሎ ነው። አንድ ዱካ ለብቻው ምንም አይነግርሽም። ብዙ ሺህ ዱካዎች ሰብስበሽ የማዕዘኖቹን ስርጭት ስታዪ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ዳራው (ከምንጩ ያልመጣው ተጨማሪ ምልክት) ትንሽ ከሆነ፣ በ99 በመቶ እርግጠኝነት የሚለካው ዝቅተኛ ፖላራይዜሽን 4.29 ሲካፈል ለሞዱሌሽን ፋክተር (ዲቴክተሩ ለፖላራይዜሽን ያለው ስሜታዊነት)፣ ሲካፈል ለፎቶኖቹ ብዛት ስኩዌር ሩት። ፋክተሩን 0.3 ብትይው 5 በመቶ ለመለካት 80 ሺህ ገደማ ፎቶን ትፈልጊያለሽ፤ 1 በመቶ ከፈለግሽ ወደ 2 ሚሊዮን! ለዚህ ነው አንድ ምንጭ ላይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት የሚቆዩት።

የዘንጉ መጣመም ምስሉን በዲቴክተሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትተዋል። ይሄ በሶፍትዌር ይታረማል፣ እንደ ነጥብ ለሚታይ ምንጭ ብዙም አያስጨንቅም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዲቴክተሩ ራሱ የሚፈጥረው የውሸት ፖላራይዜሽን ነው፤ በተለይ በዝቅተኛው ጉልበት፣ 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ። ይህንን ከማምጠቁ በፊት ምድር ላይ ረጅም ጊዜ ወስደው ለክተውታል፣ ከዳታው ላይ ይቀነሳል። ሌላው መተማመኛ ሦስቱ ዲቴክተሮች እርስ በርስ በ120 ዲግሪ ተዟዙረው መቀመጣቸው ነው። ሰማይ ላይ ያለ እውነተኛ ምልክት በሦስቱም አንድ አቅጣጫ ይሰጣል፤ መሣሪያው የፈጠረው ከሆነ ግን ሦስቱ አይስማሙም። በጣም ነው የምወደው ይሄን ዘዴ።

የጋዙ ግፊት ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ የዲቴክተሩ ጌይንም (ምልክቱን የሚያጎላበት መጠን) ይቀያየራል። ለክትትሉ ውስጡ የካሊብሬሽን (መሣሪያውን ማመሳከሪያ) ምንጮች ተገጥመዋል፣ ግን የሚሠሩት በራዲዮአክቲቩ አይረን 55 ነው። ግማሽ ዕድሜው 2.7 ዓመት ስለሆነ እነሱም እየደበዘዙ ነው። ስለዚህ የካሊብሬሽን ፋይልሽ የቅርብ ጊዜ መሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጪ።

ሰማይ_ተመልካች

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። የ120 ዲግሪው ነገር አሁን ነው የገባኝ። ከየት ልጀምር ታዲያ?

የእንጦጦ_ልጅ

ዳታው ክፍት ነው፣ ከናሳ ሂሳርክ ማህደር በነፃ ይወርዳል። ጣሊያኖቹ የጻፉት ኢክስፒኦብስሲም የሚባል የፓይተን ፕሮግራምም ነፃ ነው፣ ሊኑክስ ያለው ደህና ላፕቶፕ ይበቃሻል።

እንደ እኔ በአዲስ ነገር አትጀምሪ። መጀመሪያ ሲግነስ ኤክስ 1 የሚባለውን ጥቁር ጉድጓድ ወስደሽ የታተመውን 4 በመቶ ራስሽ አውጪው፤ አቅጣጫው ከጥቁር ጉድጓዱ ጄት (ከሚተፋው የቁስ ፍሰት) ጋር መግጠሙንም እዪ። ከዚያ ሦስቱን ዲቴክተሮች ለየብቻ ሞክሪ። እዚያ ላይ ከተሳካልሽ የራስሽን ምንጭ ለመምረጥ ደርሰሻል። ክራብን ለኋላ አቆዪው፣ ሰፊ ስለሆነ የዘንጉ እርማት እዚያ ላይ ያስቸግርሻል።

ደስ እንዲልሽ ደግሞ፣ ቴሌስኮፑ በቀን አሥራ አራት ጊዜ ያህል ከሞያሌ በስተደቡብ፣ በኬንያ ሰማይ ላይ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ሲታሰብ በደቡብ በኩል ከአድማሱ በላይ ነው።

ሲግነስን ስትጨርሺ ያወጣሽውን ማዕዘንና የዳራ ምርጫሽን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።