«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አምስት ሆነን በአንድ መጽሐፍ ማንበብ እንችላለን?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች። ደሴ ላይ አምስት ጓደኛሞች በክረምቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አብረን ልናነብ አስበናል። ያለን አንድ መጽሐፍ ነው፤ ከመካከላችን ረጅም ልብ ወለድ ጀምረው ጨርሰው የማያውቁ አሉ። እየተዋዋስን እናንብበው ወይስ የተሻለ ዘዴ አለ? ሰው የሚያቆመውስ የት ላይ ነው? ደጋግመው የሚያነቡትን ምን እንደሚመልሳቸውም ብትነግሩን። መጨረሻውን ግን አደራ!

ቦርከና፦
አብሽር ወንድማለም፣ ይቻላል። መዋዋሱ ይቅርባችሁ፤ የመጀመሪያው ሲጨርስ አምስተኛው ገና አልጀመረም፣ የምትጫወቱት አይኖራችሁም። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። መጽሐፉ ከ500 ገጽ ይበልጣል። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ በ45 ደቂቃ 15 ገጽ ትሄዳላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ከተገናኛችሁ፣ ሰኔ ማብቂያ ላይ ጀምራችሁ መስከረም ሳይወጣ ታገባድዱታላችሁ። አንባቢው በየአምስት ገጹ ይቀየር፤ ድምፅ ሲደክም ንባቡ ማነብነብ ይሆናል።

ሌላው ነጥቦቹ ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ጠብቀው የሚነበቡትን ፊደላት ከላያቸው ነጥብ አድርገውባቸዋል። ብዙ ሰው የማተሚያ ቤት ግድፈት ይመስለውና ያልፋቸዋል። እነሱን እየተከተለ የሚያነብ ሰው ዓረፍተ ነገሩ የቱንም ያህል ቢረዝም አይደናቀፍም። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ አንባቢው ድምፁን ከማውጣቱ በፊት ዓይኑን እስከ አራት ነጥቡ ይላክ።

ሐይቅ ዳር፦
ከቦርከና ጋር ተስማምቻለሁ። ሰው የሚያቆመው መጀመሪያው ላይ ነው። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ፈልጎ ይገባና መጽሐፉ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ ሲተርክ ይሰለቻል። እባካችሁ አትዝለሉት! በዛብህን ያሰረው ስለት እዚያ ነው ያለው። ያን ያላነበበ ሰው፣ ልጁ ኋላ ከራሱ ጋር ሲታገል ፈሪ ብቻ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ማቆሚያ የጉዱ ካሣ ረጅም ንግግር ነው። ከሌላ ምዕራፍ ጋር አታዳብሉት፣ የራሱን ምሽት ስጡት፤ ከተቻለም እስከ መጨረሻው የጉዱ ካሣን ቃል አንድ ሰው ብቻ ያንብበው። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቃላት ሲገጥሟችሁ ንባቡን አታቋርጡ። ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ቅኔ የተማረ ሰው ጠይቁ፤ በወሎ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም። እዚያው ወረቀት ላይ ማን የማን ዘመድ እንደሆነና ማዕረጉን አስፍሩ።

ስለ መመለሱ ለጠየቅኸው፦ መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው፣ መሬት ለአራሹ የታወጀው በ1967። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር የሚጋጩበትን ክፍል ስታነቡ ይህን ልብ በሉ። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ ሆኖም በኛም አገር የእኩልና የሲሶ አራሽነትን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉና አንዱን ጋብዛችሁ ያን ክፍል አሰሟቸው። በመጀመሪያው ንባብ ሰው ከፍቅረኞቹ ጋር ይቆማል። በሁለተኛው ጉዱ ካሣን መስማት ይጀምራል። ልጅ የወለደ ሰው ደግሞ ቦጋለንና ውድነሽን ፍለጋ ይመለሳል። ርዝመቱ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፤ ለሁሉም ጊዜ ሰጥቷቸዋል፣ ፊታውራሪንም ጭምር።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጥልን። የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካስ? መጀመሪያ እሱን ብንሰማ?

ሐይቅ ዳር፦
ያነበባችሁትን ክፍል ብቻ፣ ካነበባችሁ በኋላ ስሙ። ቀድማችሁ ከሰማችሁት ሁሉንም ሰው በወጋየሁ ድምፅ ነው የምታነቡት፤ ድምፁ በጣም ስለሚያምር ሌላ አያስመኝም። በኋላ ሲሰማ ግን የት እንዳረፈ፣ የት እንደፈጠነ ትማሩበታላችሁ።

ቦርከና፦
መጽሐፉንም ለየብቻ ለማንበብ ብላችሁ እንዳትገነጣጥሉት፤ ጀርባው አንዴ ከተሰነጠቀ ቅጠሎቹ ይረግፋሉ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አትጫኑት፣ ከግማሽ በላይ ሳትከፍቱ በእጅ ያዙት። የደሴ ክረምት እርጥበት አለውና ግድግዳ አስጠግታችሁ አታኑሩት።