የኑክሌር ትምህርት ዕድል በምን ውል ይሰጥ?

የፒያሳ ልጅ፦
ትናንት አንድ ወንድማችን የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ከለጠፈ በኋላ «ልጆቹ ሄደው ይማሩ እንጂ ሥራው አይጠፋም» ብሎ ጽፏል። አባባሉ አናዶኛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ዕቅድ ተነገረ፤ በመስከረም 2018 ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣት ስለ ሪአክተር (የኑክሌር ማብላያ) ምሕንድስና ይጠይቃል፤ ተመርቆ ሲመለስ የት እንደሚመደብ ግን የሚነግረው አላየሁም። በሕዝብ ስም የሚላክ ተማሪ ሁሉ የተማረበትን ዓመት ያህል ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርም፤ መንግሥትም ከመላኩ በፊት የሥራ መደቡን ይክፈት።

ካዛንቺስ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ቃሌን አልለውጥም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በዘርፉ ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ባራካህ የተባለው የኑክሌር ጣቢያዋ የመጀመሪያው ሪአክተር ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር የተገናኘው በ2020 ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም አንድ አገር ለኑክሌር ኃይል ከተነሳበት ጊዜ አንሥቶ ጣቢያው ሥራ እስኪጀምር ከ10 እስከ 15 ዓመት እንደሚወስድ ይናገራል። መደብ እስኪከፈት ቁጭ ብለን ከጠበቅን፣ ጣቢያው ሲደርስ የሚያንቀሳቅሰው ባዕድ ይሆናል።

ሒሩት፦
«ሥራው አይጠፋም» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ሥራውማ መቼ ጠፋ? የጠፋው መደቡ ነው። አብራኝ የተማረች ልጅ በጨረራ መከላከል ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት «በዚህ ሙያ መደብ የለንም» ብሎ ደብዳቤ መዝጋቢ አድርጎ አስቀመጣት። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የካንሰር የጨረር ሕክምና መስጫ እንደነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያከመውም ኮባልት 60 በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሚሠራ መሣሪያ ነበር። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዋ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ትንሿን መለኪያ አስገብታ ከመሣሪያው የሚወጣውን ጨረር ትለካለች። ኮባልቱ በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ያንኑ መጠን ለመስጠት ሕመምተኛው ሳይንቀሳቀስ የሚተኛበት ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት የምትሠራው ሴት ከተሳሳተች ዕጢው ይተርፋል፣ ወይም ጤነኛው አካል ይቃጠላል። ታዲያ የትምህርት ዕድል ሲባል ለምንድን ነው ሁላችሁም ስለ ሪአክተር ብቻ የምታወሩት?

ስለ ውሉም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2020 በሳይንቲስቷ በማሪ ኩሪ ስም የጀመረው የሴቶች የማስተርስ ድጋፍ በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ ለትምህርት ክፍያ፣ እስከ 10,000 ዩሮ ደግሞ ለኑሮ ይሰጣል። መንግሥት አንድ ብር ባላወጣበት ትምህርት ውል የማስፈረም መብት ከየት ይመጣል?

የፒያሳ ልጅ፦
እህቴ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የኤጀንሲው አባል ናት፤ የአባልነት መዋጮም ትከፍላለች። እስከ መጀመሪያ ዲግሪ ያስተማረሽስ ማን ነው?

ሒሩት፦
ያ ድጋፍ የሚመጣው ለጋሾች በፈቃዳቸው ከሚሰጡት ገንዘብ እንጂ ከአባልነት መዋጮ አይደለም። እስከ መጀመሪያ ዲግሪ ያስተማረኝን ሕዝብ ደግሞ አልካድኩም፤ መደብ ቢኖር ነገ ጠዋት እገባለሁ።

መምህሩ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ጣቢያውን የሚሠራው አገር መሐንዲሶቻችንንም፣ ተቆጣጣሪዎቻችንንም በራሱ ዩኒቨርሲቲዎች ካስተማራቸው፣ የብየዳው ጥራት ላይ ጥርጣሬ ሲነሳ «ሥራው ይቁም» የሚል ሰው ከየት እናመጣለን? ተቆጣጣሪ የሚሆኑት ልጆች የግድ ሌላ ቦታም ሊማሩ ይገባል። ከዚያ በላይ የሚቆጨኝ ግን የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲያችን ነው። ጋና የምርምር ሪአክተሯን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ስትጠቀም ቆይታ፣ በ2006 በጋና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሌሎች አፍሪካውያን ጭምር የሚሆን የኑክሌር ሳይንስ ትምህርት ቤት ከፈተች። እኛ ቃሊቲ ላይ የቆላ ዝንብ ዘር እንዲጠፋ ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር እያመከንን ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ስንልክ የኖርን ሰዎች፣ ለማስተርስ ተማሪ የሚበቃ የጨረራ መለኪያ ላቦራቶሪ ማደራጀት እንዴት ያቅተናል? ልጅ ለመላክ ከሚወጣው ገንዘብ ገሚሱ ለዚህ ይዋል እላለሁ።

ካዛንቺስ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ ሆኖም በዚያ ላቦራቶሪ የሚያስተምረው ማን ነው? እሱም ሄዶ መማር አለበት። ስለ ተቆጣጣሪዎቹ ላነሡት ደግሞ፣ ደቡብ ኮሪያ ኡልሳን ውስጥ ለኑክሌር ኃይል ብቻ የቆመ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አላት፤ ለውጭ ተማሪዎችም ዕድል ይሰጣል። በሩ ብዙ ነው፤ ይሂዱ፣ ይማሩ፣ ሥራው አይጠፋም።

መምህሩ፦
አሁንም «አይጠፋም» ትለኛለህ። የሒሩት ጓደኛ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ተቀምጣ ሳለ ይህን ደግሞ መጻፍህ ያሳዝነኛል።

የፒያሳ ልጅ፦
ለዚህ እኮ ነው ውል ያልኩት! ውል ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ልጅቷ ውል ቢኖራት ኖሮ መሥሪያ ቤቱን ትጠይቀው ነበር።

ሒሩት፦
በወረቀት ላይ ሁለቱንም ያስራል። ይሁን እንጂ ለውጭ ትምህርት ውል ስትፈርም የምትጠየቀው ዋስ ነው፤ ዋሱም በቂ ደመወዝ ያለው ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። አባቷ ጉልት የሚቸረችሩ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ታመጣለች? ካልተመለስሽ መሥሪያ ቤቱ ዋስሽን ይጠይቃል፤ ተመልሰሽ መደብ ካጣሽ ግን ለአንቺ ዋስ የሚሆንልሽ የለም። መጀመሪያ ይህን መልስልኝ፣ ወንድሜ፤ ከዚያ ስለ ውሉ እንነጋገራለን።