ጓሳ ላይ በምሽት የማነሳው ፎቶ ሁሉ ተበላሸብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ። ፎቶ ማንሳት የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ።

ሰሞኑን መንዝ ጓሳ ሄጄ ሁለት ምሽት ካሜራዬን ይዤ ብቻዬን ኮረብታው ላይ ስዞር አመሸሁ። ወደ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው ወደ ገደሉ አፋፍ ይሰበሰባሉ፤ የሚያድሩት እዚያው ገደሉ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ወንድ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ነፋሱ ጎፈሩን ወደ አንድ ጎን ያስተኛዋል፣ ከኋላው ሰማዩ እንደ ፍም ቀልቷል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ፎቶው ግን ሌላ ነው። ለሰማዩ ሳስተካክል ጭላዳውና ሣሩ ጥቁር ይሆናሉ፣ ለጭላዳው ሳስተካክል ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይመስላል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 ሳደርሰው ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ወደ 800 አውርጄ ሹተሩን 1/15 ሰከንድ ክፍት እንዲቆይ ሳደርግ ደግሞ ደበዘዘ፤ እጄም በብርዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ አገር ፀሐይ ከገባች ቶሎ ስለሚጨልም ደጋግሞ ለመሞከር ጊዜ የለም።

ሌንሴ 18-55 ሚሊሜትር ነው፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የለኝም፣ ያነሳሁትም በጄፔግ ብቻ ነው። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ባነሳ ኖሮ ጥቁሩን ክፍል በኋላ ማውጣት ይቻል ነበር? ገንዘቤ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ትራይፖድ ይሻላል ወይስ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ? ጭላዳው ዝም ብሎ አይቀመጥምና ትራይፖዱ ብቻውን የሚፈታው አልመሰለኝም።

ባትሪዬም በብርዱ ቶሎ አለቀብኝ። ከጥምቀት በኋላ ልመለስ ነው፤ የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።