«እንግዳ» ወይስ «ቤተኛ»? የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የአቀባበል ቃል በአማርኛ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የተባበረችው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ አጥቢያዎች በአምልኮ መክፈቻ የሚናገሩትን ቃል እየተረጎምኩ ነው። «ማንም ብትሆኑ፣ በሕይወት ጉዟችሁ የትም ብትደርሱ፣ እዚህ ተቀባይነት አላችሁ» አልኩት። «አካታች ቤተ ክርስቲያን ነን» የሚለውን ስጨምርበት ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት መሰለብኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጆሮዎ አልተሳሳተም። «ተቀባይነት አገኘ» የምንለው ስለ ማመልከቻና ስለ ሐሳብ ነው፤ ደጅ ላይ ለቆመ ሰው አይባልም። «አካታች» ከ«ከተተ» የወጣ ነው። «አካቶ ትምህርት» በሚለው ለምደነዋል፣ እዚያም ቦታውን ይዟል። በአምልኮ ቃል ውስጥ ሲገባ ግን አንዱ ወገን ሁልጊዜ የሚከት፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚከተት ሆኖ ይቀራል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የቆየ የራሱ አነጋገር አለው። የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። አባወራው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ብሎ ይመልሳል። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እግሩ ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። በዚህ መልስ ውስጥ አባወራው የቤቱን ባለቤትነት ለእግዚአብሔር መልሶታል፤ ስለዚህ እንግዳውን የመከልከል ሥልጣን የለውም። የዚያች ቤተ ክርስቲያን እምነትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የቅዱስ ቁርባኑ ማዕድ የክርስቶስ እንጂ የአጥቢያው አይደለም ይላሉ፤ የእምነት መግለጫዎቻቸውንም ምስክርነት እንጂ ሰው የሚፈተንባቸው መለኪያዎች አያደርጓቸውም።

«እንግዳ» ግን በማግስቱ የሚሄድ ነው። ኤፌሶን 2፥19ን ይመልከቱ፦ «ከቅዱሳን ጋር ባላገሮችና የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች ናችሁ እንጂ እንግዶችና መጻተኞች አይደላችሁም»። እኔ «ቤተኛ» የሚለውን እመርጣለሁ። ቤተኛ ሳይጠራ ይገባል፤ ጓዳውን ያውቃል፤ ሲቀርም «ምነው ጠፋህ?» ይባላል።

ሌላ አባል፦ «ባላገር» ለምን አይሆንም? መጽሐፉ ራሱ ተጠቅሞበታል።

መልስ፦ እዚያ «ባለ አገር» ማለት ነው፣ አገሩ የራሱ የሆነ ሰው። ድንቅ ቃል ነበር። ዛሬ ግን ከተሜው ገጠሬውን ዝቅ የሚያደርግበት ሆኗል፤ በአቀባበል ቃል ላይ ሊሰማ የማይገባው ነገር ደግሞ ይኸው ነው።

ሌላ አባል፦ «ማንም ብትሆኑ» ብቻ አይበቃም? እነማን እንደሆኑ በስም መዘርዘር ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ እዚህ ላይ አጥብቄ እለያለሁ። ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1957 ስትመሠረት ከወረሰቻቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዷ በ1853 አንቶኔት ብራውን የተባለችውን ሴት ለአገልግሎት ሾማ ነበር። በ1985 ደግሞ ጠቅላላ ሲኖዶሷ አጥቢያዎች የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን እንደሚቀበሉ በግልጽ እንዲያውጁ ጠይቋል። በስም የሚጠሩት «ማንም» የሚለው ቃል ያልነካቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ትምህርት ላንስማማ እንችላለን፤ ተርጓሚ ግን የባለቤቱን ሐሳብ መሸፈን የለበትም። የቃሉ ምርጫም ከባድ ነው። «ሰዶማዊ» ብለው ከጻፉ ግብዣው ገና ሳይነበብ ተጋባዡን ይሰድበዋል። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች» ረዘም ይላል፣ ነገር ግን ስድብ የለበትም።

ጠያቂ፦ ማዕዱንስ «የጌታ እራት» ልበለው ወይስ «ቅዱስ ቁርባን»?

መልስ፦ «የጌታ እራት» የፕሮቴስታንት ወገኖቻችን አነጋገር ነው። «ቅዱስ ቁርባን» ሲባል ደግሞ የኦርቶዶክስ ምእመን ጾሙን፣ ንስሐውንና የነፍስ አባቱን አብሮ ያስባል፤ ያለ እነዚያ «ኑ፣ ቅረቡ» ቢባል ይደነግጣል። 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥21 ላይ ያለው «የጌታ ማዕድ» ለሁለቱም ጆሮ ይስማማል። ማዕድ ገበታውም ነው፣ ምግቡም ነው፣ አብሮ መቁረሱም ነው።

እንግዲህ ለበሩ ጽሑፍ፦ «ማንም ይሁኑ፣ በሕይወት ጉዞዎ የትም ይድረሱ፣ እዚህ ቤተኛ ነዎት»። አገልጋዩ ለጉባኤው ጮክ ብሎ ሲያነበው «ብትሆኑ፣ ብትደርሱ፣ ቤተኞች ናችሁ» ይሁን። «አንተ» የሚለውን ግን ይተዉት፤ ሴቷን ከደጅ ያስቀራታል።