«ተጫወተው»፦ ዘዳግም 6፥7 ላይ ያለው ግሥ ምን ማለት ነው?

ሆሄ ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ዘዳግም 6፥7 እንዲህ ይነበባል፦ «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።» ጥያቄዬ በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሲነበብ ልጆች እዚህ ሲደርሱ ይስቃሉ፤ የእግዚአብሔርን ቃል እንደ ኳስ ተጫወቱበት የተባሉ ይመስላቸዋል። አዋቂውም «የአተረጓጎም ስሕተት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ስሕተት ነው? ካልሆነስ ለልጅ እንዴት ይብራራ?

ጠብቆ ላልቶ፦
ስሕተት አይደለም፤ የጠበበው የኛ ጆሮ ነው። እንግዳ ገብቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የቤቱ እመቤት «ኧረ ተጫወቱ እንጂ!» ትላለች፤ መጫወቻ አቅርባ አይደለም። «ጨዋታቸው ደራ»፣ «ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል»፣ «እስኪ አንድ ነገር ላጫውትህ» ስንልም ነገሩ ንግግር ነው። ግን ማንኛውም ንግግር ጨዋታ አይባልም። ስብከትም መግለጫም በአንድ አፍ ይሆናል፤ ጨዋታ ግን ተቀባይ ይፈልጋል፤ አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሣል። የግሡ ቅርጽም ከ«ተማከረ» ጋር አንድ ነው።

የዕብራይስጡ ግሥ በቀጥታ ቢወሰድ «ተናገር» ነው። ተርጓሚዎቹ «ተናገረው» ቢሉ ማንም አይሳሳትም ነበር፤ ነገር ግን ያ ለአደባባይም ይሆናል። ቁጥሩ ያለው ቤት፣ መንገድ፣ መኝታ፣ መነሻ ነው። ለእነዚህ አራት ቦታዎች አማርኛ ያለው ቃል ጨዋታ ነው። እኔ ብጠየቅ ከመላው ዘዳግም የተሻለ የተመረጠ ግሥ አላውቅም እላለሁ፤ ብዙ ሰው እንደማይስማማ ባውቅም።

ልጆቹን የሚያስቃቸው የምታያይዘው ፊደል ናት። እነዚህን ለዩላቸው፦

«ቃሉን ተጫወተው» ማለት ቃሉን የጨዋታህ ርእስ አድርገው ነው። «በቃሉ ተጫወተበት» ማለት ደግሞ አቃለለው፣ ቀለደበት፤ «በሰው ሕይወት ተጫወተ» እንደምንለው። ልጅ ጽሑፉ ላይ የመጀመሪያውን እያነበበ በጆሮው ሁለተኛውን ይሰማል። ዛሬ ላይ ብንጽፈው «ስለ እርሱ ተጫወት» እንል ነበር፤ «ተጫወተው» አሁን በብዛት የቀረው ለኳስና ለዘፈን ነው («ዘፈኑን የተጫወተው ድምፃዊ»)።

ቅኔ ወዳድ፦
ጥያቄ ላክልበት። «ጨዋታ» ከ«ጨው» የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ቆላስይስ 4፥6 «ንግግራችሁ ሁልጊዜ፥ በጨው እንደ ተቀመመ፥ በጸጋ ይሁን» ስለሚል ለቤተሰብ ትምህርት ያማረ ድልድይ ይሆናል።

ጠብቆ ላልቶ፦
ለቅኔ ያምራል፣ ለሰዋስው አይበቃም። «ተጫወተ» ውስጥ «ት» የሥሩ አካል ናት፤ «መጫወት»፣ «አጫወተ»፣ «ጨዋታ» ስንል አትጠፋም። «ጨው» ላይ ግን «ት» የለችም። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይሆንም። የቆላስይስን ቁጥር ከዘዳግም ጋር አጣምራችሁ አንብቡ፤ ሁለቱም ስለ ንግግር ስለሚናገሩ ይበቃል፤ የቃል ትውልድ ግን አትቍጠሩላቸው።

የጉባኤ ቤት ደጅ፦
በመልካም ተነሥቷል፤ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ኤፌሶን 5፥4ን ጠቅሶ በቤቱ ጨዋታ ይከለክላል። ቃሉ እዚያ ላይ «ዋዛ» ነው፦ «የሚያሳፍር ነገርም የስንፍና ንግግርም ወይም ዋዛ የማይገቡ ናቸውና አይሁኑ»። ዋዛ፣ ቧልት፣ ጨዋታ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ቧልት ከቁም ነገር የሚያስወጣ ቀልድ ነው። ዋዛ ነገርን እንደ ቀላል መያዝ ነው፤ «በዋዛ አትየው» እንላለን። ጨዋታ ግን ቁም ነገርን ሊሸከም ይችላል፤ «በጨዋታ መሃል ቁም ነገር» የሚባለው ለዚህ ነው። ዘጸአት 32፥6 ላይ ሕዝቡ በጥጃው ፊት ያደረጉትን የ1954ቱ ተርጓሚዎች «ሊዘፍኑም ተነሡ» አሉት እንጂ «ሊጫወቱ» አላሉትም። ቃላቱን እየለዩ ነበር።

ባሕር ማዶ፦
ማብራሪያው ገብቶኛል፤ አሠራሩስ? አሜሪካም አውሮፓም ያሉ ብዙ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደል ግን አያነቡም። ወላጅ «አሁን እንጫወተው» ቢል ምን ያደርጋል?

የጉባኤ ቤት ደጅ፦
ቡናው ራሱ ሥርዓት ሠርቶላችኋል። ዘዳግም 6፥4-9 ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀስ ተብሎ ቢነበብም ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አቦል ሲቀዳ አንድ አዋቂ ያንብብ። ከዚያ ፊደል የሚያውቅ ልጅ ካለ ይድገመው፤ ከሌለ አዋቂው ሐረግ በሐረግ እያለ ልጆቹ ይቀበሉት። ቶና ላይ ጨዋታው ይጀመር። በረካ ላይ አጭር ጸሎት፤ ስሙም በረከት ስለሆነ ይስማማዋል። ቶና ሳይደርስ ሰው የሚበተንበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጸሎቱን አቦል ላይ አድርጉት እንጂ ሥርዓት ለማሟላት ማንንም አታስሩ። ጠቅላላው 15 ደቂቃ ይበቃል። መኝታ ላይ ይሁን የሚሉ አሉ፤ ቁጥሩም «ስትተኛም» ይላል፤ ግን ትንንሾቹ እንቅልፍ ከጫናቸው በኋላ ረጅም ምንባብ መጀመር ድካም ነው። ለመኝታ አንዲት ቁጥር በቃል ማስባል ይሻላል።

ብዙ ቤት የሚበላሸው ጥያቄው ላይ ነው። «ገባችሁ?» ከተባለ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ጨዋታው እዚያው ሞተ። «እግዚአብሔርን መውደድ ጥሩ ነው አይደል?» ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ልጁ በቃሉ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘውን ጠይቁት፦ «ስንት ቦታ ተጠቅሷል? ከአራቱ የእኛ ቤት የሚከብደው የትኛው ነው? በመቃኑ ላይ ምን ይጻፍ ይላል?» ልጅ የመለሰውን ወዲያው አታርሙ፤ «ከየት አገኘኸው?» በሉትና ወደ ቁጥሩ መልሱት። ራሱ ያርመዋል።

ቅኔ ወዳድ፦
ልጆቹ እንደ አንድምታ (የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ) እየተቀባበሉ እያንዳንዱ «አንድም» እያለ ቢጨምርስ? አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ የለም?

የጉባኤ ቤት ደጅ፦
እዚህ ላይ ቆም በሉ። «አንድም» ማለት «ሌላም ፍቺ አለው» ነው እንጂ «እኔ ደግሞ እንዲህ መሰለኝ» ማለት አይደለም። በጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙሩ መጀመሪያ ንባቡን ይይዛል፣ ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙን፤ «አንድም» የሚለውን የሚቀበለው ከመምህሩ ነው፤ ከራሱ አይፈጥርም። ልጆቹን «አንድም» ማስባል የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ገደብ አኑሩላቸው፦ እያንዳንዱ «አንድም» ያነበባችሁትን አንድ ቃል መነሻ ያድርግ። ቃል መጥቀስ ያቃተው ልጅ ሐሳቡን ይናገር፣ ግን ሐሳቤ ነው ይበል። ይኸን ልዩነት በአሥር ዓመቱ የለየ ልጅ ኋላ ማንም በጥቅስ አያታልለውም።

ጠብቆ ላልቶ፦
ስለ ንባቡ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ተጫወተው» ላይ «ወ» ከላላ ትእዛዝ ነው፤ ከጠበቀ ያለፈ ድርጊት ነው፣ «እርሱ ተጫወተው»። ጽሑፉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። ፊደል በቅርብ የለመደ ልጅ ብዙውን ጊዜ ያጠብቀዋል፤ ያኔ ትእዛዙ ታሪክ ይሆናል። ኤፌሶን 5፥22 ላይ «ለባሎቻችሁ ተገዙ» ሲነበብማ ይብሳል፦ «ዙ»ን ያጠበቀ ሰው ሚስቶቹን ገበያ አወጣቸው! 6፥1 ላይ «ታዘዙ»ም እንዲሁ ነው፤ የፊተኛው «ዘ» ሲላላ ትእዛዝ፣ ሲጠብቅ «ታዘው ነበር»። መፍትሔው እርሳስ ነው። አንባቢው ከማንበቡ በፊት የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርግ፤ ነጥብ የሌለበት ላልቶ ይነበባል። ለስድስት ቁጥር ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ባሕር ማዶ፦
እግረ መንገዴን፣ «ጥናት»ስ? «የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት» ሲባል ልጆቹ ፈተና ያለው ይመስላቸዋል።

ጠብቆ ላልቶ፦
የግእዙ «ጸንዐ» በአማርኛ «ጠና» ሆነ፤ «ጽናት» እና «ጥናት» እኅትማማች ናቸው። ለቅሶ ቤት «እግዜር ጥናቱን ይስጣችሁ» የምንለው ፈተና እንዲያልፉ አይደለም፤ እንዲበረቱ ነው። ማጥናት ማለት ሳይላቀቅ እስኪቀር ድረስ ማጽናት ነው። የዘዳግም «አስተምረው» የዕብራይስጡ ሥርም ከመሳል ጋር ይዛመዳል፤ ስለት ደግሞ አንዴ ታሽቶ አይወጣም። ስለዚህ ለልጅ «እናጥና» ከምትሉት «እናጽናው» ብትሉት አትሳሳቱም፤ ሰው ግን «ምን ሆነ ይሄ ሰው?» ሊል ይችላል።

ሆሄ ለቃሚ፦
እናመሰግናለን። ያልተነሣ አለ፦ ጨዋታ ያልነው ነገር በብዙ ቤት ግሣጼ ሆኖ ያልቃል። ኤፌሶን 6፥4 ራሱ «በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቆጡአቸው» ሲል ተግሣጽን ያዛል። ታዲያ?

የጉባኤ ቤት ደጅ፦
«ተግሣጽ»ን መሥሪያ ቤት ወሰደብን። ዛሬ ሰው ተግሣጽ ተሰጠው ሲባል ፋይሉ ውስጥ የገባ ቅጣት ነው። በመጻሕፍት ግን ተግሣጽ ትምህርትም ነው፣ ማረምም ነው፣ ማሳደግም ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቀኖና መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 24 ያበቃል፤ ከ25 እስከ 31 ያለው «መጽሐፈ ተግሣጽ» ይባላል። በዚያ መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚከፈተው እናት ልጇን ባስተማረችበት ቃል ነው፤ የሚዘጋው በልባም ሴት ምስጋና ነው። ተግሣጽ የተባለው ይኸ ነው።

ቆላስይስ 3፥21ን አጠገቡ አንብቡት፦ «አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው»። ግሡን ልብ በሉ። የሚዝለው ክንድ ነው፣ ጉልበት ነው፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ብዙ ከመቆየት ይመጣል። አንድ ጊዜ በመቆጣት ልብ አይዝልም። በየዕለቱ ማታ ብርጭቆ የሰበረው ልጅ ስም ሳይጠራ ቁጥር ሲነበብለት፣ «ይኸው መጽሐፉስ ምን ይላል?» ሲባል ነው የሚዝለው። ስለዚህ ቀን ላይ ጥፋት ከነበረ ማታ ያንን ጥፋት የሚነካ ምንባብ አትምረጡ፤ ጥፋቱን በጊዜው፣ ብቻውን፣ ያለ ጥቅስ አነጋግሩት። ምንባቡ በተራው ይሂድ፤ ልጁን ፈልጎ የተከፈተ መጽሐፍ ልጁ ያውቀዋል።

ባሕር ማዶ፦
ኤፌሶን 5ንም በተራ ለማንበብ ብናስብ «ተገዙ» ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል። ከየት ይጀመር?

ጠብቆ ላልቶ፦
ከ22 አትጀምሩ። ከጥንታውያኑ የግሪክ ቅጂዎች በአንዳንዶቹ 22ኛው ቁጥር የራሱ ግሥ የለውም፤ ከ21ኛው ይዋሳል። ብዙ እትሞች በሁለቱ መካከል ርእስ ስለሚያስገቡ አንባቢው አበዳሪውን ትቶ ተበዳሪውን ብቻ ያነብባል። 21ኛው «ለእያንዳንዳችሁ በክርስቶስ ፍርሃት የተገዛችሁ ሁኑ» ይላል፤ «ለእያንዳንዳችሁ» የሚለው ያደናግራል፣ «እርስ በርሳችሁ» ብላችሁ ፍቱት። ከዚያ 22-24ን አንድ ሰው፣ 25-33ን ሌላ ሰው ያንብብ፤ ሚስቶችን የሚመለከተው ሦስት፣ ባሎችን በዋናነት የሚመለከተው ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ ልጆቹ ይቍጠሩት። «ተገዙ» ላይ ነጥብ አታድርጉ።