በፀሐይ ስፔክትረም ላይ ካልሲየም ሃይድሮጅንን ለምን በለጠ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተቸክያለሁ።

የፀሐይን ስፔክትረም (በየቀለሙ የተዘረዘረ ብርሃኗን) የሚያሳይ ግራፍ ይዤ፣ ብርሃን የተዋጠባቸውን ጥቁር መስመሮች ከዋጧቸው ኤለመንቶች ጋር እያዛመድኩ ነበር። ቀዩ ላይ 656.3 ናኖሜትር፣ ሃይድሮጅን። ቢጫው ላይ 589.0 እና 589.6፣ ሶዲየም። እስከዚህ ደስ ሲል! ሐምራዊው ጫፍ ላይ ግን፣ 393.4 እና 396.8 ጋ ስደርስ ግራፉ ገደል እንደገባ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱም የካልሲየም ናቸው።

ፀሐይ በክብደት ሦስት አራተኛ ያህሏ ሃይድሮጅን ነው። ካልሲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታዲያ እንዴት በለጠ?

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1925 ለመስመሮቹ ጥንካሬ የኤለመንቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ወሳኝ መሆኑን እንዳሳየች አውቃለሁ። የ656.3ን ብርሃን የሚውጠው ኤሌክትሮኑ ሁለተኛው የኃይል እርከን ላይ ያለ ሃይድሮጅን ብቻ ነው። በቦልትዝማን ቀመር (በአንድ ሙቀት ስንት አተም በየትኛው እርከን እንዳለ በሚያሰላው)፣ በ5,772 ኬልቪን ሳሰላው ከ1 ቢሊዮን አተም 5 ገደማ ብቻ ወጣልኝ። በጣም ገረመኝ።

የካልሲየሙ ነው ያቃተኝ። እነዚያን መስመሮች የሚሰጠው አንድ ኤሌክትሮን ያጣው ካልሲየም ነው። ድርሻውን ለማውጣት የሳሃ ቀመር (ስንት አተም ኤሌክትሮን እንዳጣ የሚያሰላው) የኤሌክትሮን ግፊት፣ ማለትም በጋዙ ውስጥ ያሉ ነጻ ኤሌክትሮኖችን ግፊት ይጠይቀኛል። እሱን ከየት ነው የማመጣው? ከራሱ ከስፔክትረሙ ማውጣት ይቻላል? የሠራችሁት ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ አሳዩኝ።